ኮዱን ከከፈትኩት ምን እሸጣለሁ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ ለአነስተኛ ድርጅቶች የሚያገለግል የሂሳብና የዕቃ ቁጥጥር ፕሮግራም በትርፍ ሰዓታቸው ሁለት ዓመት ደክመው ሠርተዋል። ጓደኞቻቸው «ኦፕን ሶርስ አድርገው»፣ ማለትም ኮዱን ለሁሉም ክፈተው፣ ብለው ይመክሯቸዋል። እሳቸው ግን ፈርተዋል። «ማንም ወስዶ በራሱ ስም ቢሸጥብኝስ? ከፈቃዶቹ የትኛውን ልምረጥ? ኮዱን ለሁሉም ከሰጠሁ በኋላስ በምን ልኖር ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ማብቂያው ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አንዲት ዓረፍተ ነገርም አለች፦ ፕሮግራሙ ከኢንተርኔት ያገኟቸውን ወደ አርባ የሚጠጉ ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች የጻፏቸውን ዝግጁ የኮድ ክፍሎች፣ ይጠቀማል፤ ፈቃዳቸውን ግን አላነበቡም።

ከዚህች ከመጨረሻዋ ብጀምር ይሻላል። ሦስቱ ጥያቄዎች ጊዜ ይሰጣሉ፤ እሷ ግን ሥራዎን ገና ከደጃፉ ልታስቆመው ትችላለች። ኢንተርኔት ላይ የተገኘ ኮድ ባለቤት የሌለው ዕቃ አይደለም። የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል በሚሠራባቸው አገሮች ሁሉ፣ ማለትም በአብዛኛው ዓለም፣ የቅጂ መብት የሚወለደው ሥራው ከተጻፈባት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ምዝገባም ማኅተምም አይጠይቅም። ኮድም በሕግ ዓይን ጽሑፍ ነው። ስለዚህ ደራሲው ዝም ካለ ዝምታው «ውሰዱት» ማለት ሳይሆን «አትንኩብኝ» ማለት ነው። ሁሉም ሰው በሚያየው ቦታ መቀመጡ ይህን አይለውጠውም። ኮዳቸውን ለዓለም ያበረከቱ መስሏቸው የፈቃድ ፋይል ሳያስቀምጡ የሚተዉ ጎበዝ ፕሮግራመሮች ዛሬም ያጋጥሙኛል። ጠንቃቃ ኩባንያ ያየውና ያልፈዋል፤ ልፋታቸውም ማንም ሳይጠቀምበት ይቀራል።

እንግዲህ አንድን ሶፍትዌር ኦፕን ሶርስ የሚያሰኘው ኮዱ መታየቱ ሳይሆን ከኮዱ ጋር አብሮ የሚሄደው ፈቃድ ነው። ቃሉን በ1998 መጀመሪያ ላይ ያቀረበችው ክሪስቲን ፒተርሰን ናት (ዓመታቱን በሙሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ብዙም ሳይቆይ ብሩስ ፔረንስና ኤሪክ ሬይመንድ ኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱ አንድ ፈቃድ በዚህ ስም ለመጠራት የሚያሟላቸውን አሥር ነጥቦች አስቀምጧል። ለእርስዎ ጉዳይ ከአሥሩ ሁለቱን ማወቅ ይበቃል፦ ፈቃዱ መሸጥን ሊከለክል አይችልም፤ ማን ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚጠቀምበትም መርጦ ሊከለክል አይችልም። «ለንግድ እንዳይውል» ብሎ የጻፈ ሰው መብቱ ነው፤ ሥራውን ግን ኦፕን ሶርስ ብሎ ሊጠራው አይገባም። በዚህ ነጥብ ላይ ጥብቅ ነኝ፤ ቃሉ ትርጉሙን ካጣ ተጠቃሚው እያንዳንዱን ፈቃድ በጠበቃ ማስነበብ ሊኖርበት ነው።

የፈቃዶቹን ጠባይ ለመረዳት የአንድ ማተሚያን (ፕሪንተር) ታሪክ ማወቅ ይረዳል። በ1980 ገደማ ሪቻርድ ስቶልማን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ቤተ ሙከራ ውስጥ ፕሮግራመር ነበር። ማተሚያው ከሠራተኞቹ ርቆ የተቀመጠ በመሆኑ ወረቀት ሲቀረቀርበት ማንም አያውቅም ነበር። ስቶልማን በቀድሞው ማተሚያ ሶፍትዌር ላይ ጥቂት ነገር ጨምሮ፣ ማሽኑ ሲቆም ተራ ለሚጠብቁት ሰዎች መልእክት እንዲደርሳቸው አድርጎ ነበር። ከዚያ ከዜሮክስ አዲስ የሌዘር ማተሚያ መጣ፤ ምንጭ ኮዱ፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ፕሮግራመሮች የጻፉት ጽሑፍ፣ ግን አብሮ አልመጣም። ስቶልማን ኮዱ አለው የተባለ የሌላ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ቢጠይቅ፣ ሰውየው ምስጢር ለመጠበቅ ፈርሞ ነበርና እምቢ አለው። ማስተካከል የሚችል ሰው አለ፤ የሚስተካከለው ነገር ግን ተቆልፎበታል። ስቶልማን በ1983 ግኑ የተባለውን ፕሮጀክት ሲያውጅ፣ በ1989 ደግሞ ጂፒኤል የተባለውን ፈቃድ ሲያወጣ ይህ እልህ አብሮት ነበር።

እሱ የሚታገልለት «ነጻ ሶፍትዌር» የሚለው ስም በአማርኛም እንደ ሌላው ቋንቋ ያሳስታል። ነጻ ስንል ባርነት የሌለበትንም እንላለን፣ ገንዘብ የማይከፈልበትንም እንላለን። ስቶልማን የሚለው የፊተኛውን ነው። ራሱ በ1985 ኢማክስ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሙን በቴፕ ቀድቶ በ150 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ገዢው ከዚያ በኋላ እንደ ልቡ መቅዳት፣ መለወጥና ለሌላ መስጠት ይችል ነበር። «ኦፕን ሶርስ ማለት በነጻ መሥራት ነው» ለሚልዎት ሰው ይህን ይንገሩት።

አሁን ወደ ፈቃዶቹ እንግባ። በርካታ ቢሆኑም በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ለጋሱ ወገን ነው፦ ኤምአይቲ፣ ቢኤስዲ፣ አፓቺ። የኤምአይቲን ፈቃድ ከፍተው ያንብቡት፤ ሁለት መቶ ቃል አይሞላም። አናቱ ላይ ዓመተ ምሕረትና የባለቤቱ ስም ይገኛል። ቀጥሎ ሶፍትዌሩ የደረሰው ሰው ሁሉ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀዳው፣ እንዲለውጠው፣ እንዲያሰራጨውና እንዲሸጠው የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ አለ። ግዴታው አንድ ብቻ ነው፤ ይህ ጽሑፍና የባለቤቱ ስም ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር አብሮ ይሂድ ይላል። መጨረሻ ላይ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደላት የተጻፈ አንቀጽ ይመጣል፦ ሶፍትዌሩ የተሰጠው እንዳለ ነው፣ ምንም ዋስትና የለውም፣ ለሚደርሰው ጉዳት ደራሲው አይጠየቅም። ብዙ ሰው ይህን አንቀጽ ዘልሎት ያልፋል። እርስዎ ግን ልብ ይበሉት፤ የገቢው ጥያቄ ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን። የ2004ቱ አፓቺ 2 በዚህ ላይ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ፈቃድ ይጨምራል፦ ኮዱን ያበረከተው ሰው በፓተንቱ ተጠቃሚውን አይከስም። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚወዱት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ወገን አደራ የሚጥለው ነው፤ ዋናው ጂፒኤል ነው። እሱም መጠቀምን፣ መለወጥን፣ መሸጥን ይፈቅዳል። ነገር ግን ኮዱን ወይም ከኮዱ የሠሩትን ፕሮግራም ለሌላ ሰው ሲሰጡ፣ ለእርስዎ የተሰጠዎትን መብት በሙሉ ለዚያ ሰው ማስተላለፍ አለብዎት፤ ምንጭ ኮዱንም ጭምር። የተከፈተውን መዝጋት አይቻልም።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ደንብ እንዳይመስልዎት። በ2003 ሊንክሲስ ደብሊውአርቲ54ጂ የተባለ የቤት የኢንተርኔት ራውተር ገበያ ላይ ነበር። ፕሮግራመሮች በዚያች ትንሽ ሳጥን ውስጥ የሚሠራውን ሶፍትዌር ሲመረምሩ ሊኑክስ የተባለውን በጂፒኤል የተለቀቀ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ሌላ የጂፒኤል ኮድ አገኙ። ኮዱ ደግሞ ከሳጥኑ ጋር አልተሰጠም ነበር። ለወራት ጠየቁ፣ ወተወቱ፤ በመጨረሻ ኩባንያው ምንጭ ኮዱን ለቀቀ። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው፣ ዛሬ በብዙ ዓይነት ራውተሮች ላይ የሚጫነው ሥርዓት የበቀለው ከዚያ ኮድ ነው። ፈቃዱ የተጻፈለት ጉዳይ ይኸው ነው፦ ዕቃውን የገዛ ሰው ዕቃውን የመጠገን መብት አለው። ሕጉስ ይደግፈዋል ወይ ቢሉ፣ በ2004 የሙኒክ ፍርድ ቤት ጂፒኤልን የጣሰን ኩባንያ ከልክሏል። በ2008 ደግሞ የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በአሻንጉሊት ባቡሮች መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ክርክር ላይ፣ የኦፕን ሶርስ ፈቃድን ሁኔታዎች መጣስ የቅጂ መብትን መጣስ ሊሆን እንደሚችል ወስኗል።

አንድ ክፍተት ግን ነበረበት። የጂፒኤል ግዴታ የሚነሣው ፕሮግራሙን ለሌላ ሲሰጡ ነው። በራስዎ ቤት፣ በራስዎ ሰርቨር ላይ ቢያሠሩት ማንም ኮዱን አይጠይቅዎትም። ሶፍትዌር ከዲስክ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ወደሚደረስባቸው ሰርቨሮች፣ ሲሻገር ብዙ ተጠቃሚ ፕሮግራሙን ሳይቀበል በሩቁ ብቻ የሚጠቀምበት ሆነ። በ2007 የወጣው ኤጂፒኤል 3 የተባለው ፈቃድ ይህን ደፈነው፦ የለወጡትን ፕሮግራም በኔትወርክ በኩል ሰዎች እንዲጠቀሙበት ካደረጉ ለእነሱም ኮዱን ማቅረብ አለብዎት። በሁለቱ ወገኖች መካከል ኤልጂፒኤልና ኤምፒኤል የተባሉ ፈቃዶች አሉ፤ አደራቸው በራሳቸው ክፍል ላይ ይወሰናል፤ እርስዎ ከጎናቸው የጻፉትን አይነካም።

አሁን ወደ አርባዎቹ ላይብረሪዎች እንመለስ። አብዛኞቹ ኤምአይቲ ወይም አፓቺ ቢሆኑ አይግረምዎት፤ ለእነሱ የሚያስፈልገው ስማቸውንና የፈቃድ ጽሑፋቸውን አብሮ ማስቀመጥ ነው። ተለቅመው መታየት ያለባቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ፈቃድ የሌላቸውና የጂፒኤል ቤተሰብ የሆኑት። አንድ ጊዜ ሊሸጥ የተቃረበ የአንድ አነስተኛ ኩባንያን ሶፍትዌር እንድመረምር ተጠርቼ ነበር። ሁሉም ነገር የተጣራ ይመስል ነበር፤ ደረሰኝ ወደ ፒዲኤፍ የምትለውጠው ትንሽ ክፍል ግን ኤጂፒኤል ሆና ተገኘች። ያስገባት ሠራተኛ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ያነበባትም አልነበረም። ገዢው እሷ ተነቅላ ሌላ እስክትተካ ድረስ አልፈርምም አለ፤ ሽያጩ ለሳምንታት ቆመ። የደረሰኝ ክፍል በእርስዎም ፕሮግራም ውስጥ አለና መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ።

ላይብረሪዎቹን ሲመረምሩ የሚያዩት የዛሬውን ብቻ አይሁን። ኋላ ላይ ለአንዳንድ ደንበኞች የተዘጋ የንግድ ፈቃድ መሸጥ ካሰቡ፣ የሌላ ሰው የጂፒኤል ኮድ በውስጡ ሊኖር አይችልም፤ የሰውን አደራ እርስዎ ማንሣት አይችሉምና። ደግሞም «ጂፒኤል 2 ብቻ» የሚል ኮድ ከጂፒኤል 3ም ከአፓቺ 2ም ጋር በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አይዋሃድም።

«ማንም ወስዶ ቢሸጥብኝስ?» ይሸጠዋል፤ ፈቅደውለታልና። ፍርሃቱ ግን የሚገባ ነው፤ የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስም ፈርቶ ነበር። በ1991 ሊኑክስን ሲለቅ የጻፈው የመጀመሪያው ፈቃድ ገንዘብ መቀበልን ይከለክል ነበር። ውሎ ሳያድር ችግሩ ታየ፤ ሊኑክስን በፍሎፒ ዲስክ ቀድተው ለሌሎች ማድረስ የፈለጉ ሰዎች የዲስኩን ዋጋ እንኳ መጠየቅ አልቻሉም። በ1992 መጀመሪያ ላይ ቶርቫልድስ ክልከላውን ትቶ ወደ ጂፒኤል ተሻገረ። ሊኑክስን ዓለም ያዳረሱት ከዚያ በኋላ የመጡት ሻጮች ናቸው።

«በራሱ ስም» ያሉት ግን ሌላ ነገር ነው። ለጋስ የተባለው ኤምአይቲ እንኳ ስምዎን ከኮዱ ላይ እንዲፍቁ አይፈቅድም። የፕሮግራሙ መጠሪያ ደግሞ በንግድ ምልክት ሕግ ይጠበቃል እንጂ በኮዱ ፈቃድ አይሰጥም። ፋየርፎክስ የተባለውን የድረ ገጽ ማሰሻ ያስታውሱ፦ ሊኑክስን የሚያሰራጨው የዴቢያን ፕሮጀክት ኮዱን እንደ ፍላጎቱ አስተካክሎ ማሰራጨት ይችል ነበር፤ የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላ ግን በዚያ ሁኔታ ስሙንና አርማውን አልፈቀደም። ስለዚህ ከ2006 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ዴቢያን ላይ ያው ፕሮግራም አይስዊዝል በሚል ስም ኖረ። ኮድዎን ይስጡ፤ ስምዎን ግን ያስመዝግቡ።

ወደ ገቢው እንምጣ። ያን በትልልቅ ፊደላት የተጻፈውን አንቀጽ ያስታውሱታል? ዋስትና የለም፣ ተጠያቂ የለም ይላል። ፈቃዱ ሁሉንም ነገር ሰጥቶ ኃላፊነትን ብቻ አስቀርቷል። የኦፕን ሶርስ ንግድ የሚኖረው ፈቃዱ ያልሰጠው ቦታ ላይ ነው። ቅጂ ዋጋ የለውም፤ እንደ ልብ ይባዛልና። የማይባዛው የሰው ጊዜ፣ የሰው ቃልና የሰው ተጠያቂነት ነው። የእርስዎ ደንበኛ የወር መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ ድምሩ አልገጥም ቢለው፣ ኮዱ ክፍት መሆኑ በዚያች ሰዓት አያጽናናውም። የሚፈልገው ስልኩን የሚያነሣ፣ ችግሩን በዚያው ቀን የሚያርም፣ የግብር ደንብ ሲለወጥ ፕሮግራሙን ቀድሞ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ኮዱን የወሰደው ሌላ ሻጭ ይህን ማድረግ የሚችለው እንደ እርስዎ ሲያውቀው ነው፤ ያን ያህል ካወቀው ደግሞ ከጠላትነቱ ይልቅ አብሮ ሠራተኛነቱ ይሻላል።

በዚህ መንገድ ርቆ የሄደው ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ነው። ሊኑክስን ራሱ አልጻፈም፤ ኮዱም የእሱ ብቻ አልነበረም። የሸጠው ዓመታዊ የደንበኝነት ውል ነው፦ የተፈተነ እትም፣ ለዓመታት የማይቋረጥ የደኅንነት ጥገና፣ የሚጠየቅ ባለሙያ። አይቢኤም በ2019 ኩባንያውን የጠቀለለው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ሁለት ፈቃድ ነው፤ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ የታወቀበት። ኮዱ ለሁሉም በጂፒኤል ክፍት ነው። በተዘጋ ምርቱ ውስጥ ሊያስገባው የፈለገ ኩባንያ ደግሞ ከፍሎ ሌላ ፈቃድ ይገዛል። ሰን ማይክሮሲስተምስ በ2008 ማይኤስኪውኤልን የገዛው በ1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ይህ መንገድ የሚሠራው ፈቃዱ አደራ ሲኖረው ብቻ መሆኑን ያስተውሉ፤ ኤምአይቲ ቢሆን ኖሮ ማንም ለሁለተኛው ፈቃድ አይከፍልም ነበር። ሦስተኛው ሶፍትዌሩን በራስ ሰርቨር ላይ እያሠሩ ወርሃዊ ክፍያ መቀበል ነው፤ ለሂሳብ ፕሮግራም በጣም ይስማማል፤ ትንሽ ድርጅት ሰርቨር ማስተዳደር አይፈልግምና። ግማሹን ከፍቶ ግማሹን ዘግቶ መሸጥም አለ። እኔ አልወደውም፤ ጥሩ ነገር በሠሩ ቁጥር ወደ ተዘጋው ክፍል ለማስገባት ይፈተናሉ፣ ክፍቱም ቀስ በቀስ ይቀጭጫል። በመዋጮ ግን ለመኖር አያስቡ። በ2014 ኸርትብሊድ የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ሲታወቅ፣ የዓለምን ድረ ገጾች ምስጢር የሚጠብቀው ኦፕንኤስኤስኤል በጣት በሚቆጠሩ ሰዎችና በጣም አነስተኛ በሆነ መዋጮ የሚጠገን ሆኖ ተገኝቷል። ያሳዝናል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ከሁሉም በላይ እንዲጠነቀቁበት የምፈልገው ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ የምሸጠው ምንድን ነው ይበሉ፤ ፈቃዱ ከዚያ ይከተላል። ይህን ገልብጠው የጀመሩ ኩባንያዎች ዋጋውን ከፍለዋል። ኢላስቲክ፣ ሃሺኮርፕ፣ ሬዲስ የተባሉ የሶፍትዌር ኩባንያዎች ኮዳቸውን በሰፊው ከፍተው አደጉ። ከዚያ ሌሎች፣ በተለይ ትልልቅ የክላውድ ኩባንያዎች፣ በዚያው ኮድ አገልግሎት ሲሸጡ ከፋቸውና በ2021፣ በ2023 እና በ2024 ተራ በተራ ፈቃዳቸውን ወደሚገድብ ለወጡ። ነገር ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ በክፍት ፈቃድ የተለቀቀ እትም አይመለስም። ተጠቃሚዎችና የክላውድ ኩባንያዎች የመጨረሻውን ክፍት እትም ይዘው ኦፕንሰርች፣ ኦፕንቶፉ፣ ቫልኪ የተባሉ አዳዲስ ፕሮጀክቶችን አቆሙ። ኢላስቲክ በ2024፣ ሬዲስ በ2025 ኤጂፒኤልን እንደ ምርጫ ይዘው ተመለሱ፤ የሄደው ሰው ግን ሁሉ አልተመለሰም። ከመጀመሪያው ኤጂፒኤል ቢሆኑ ኖሮ ብዙ ቁርሾ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ዋናውን ፕሮግራም በኤጂፒኤል 3 ይክፈቱ፤ ለውጦ በሰርቨር የሚያከራየው ሰው ለውጡን ለተጠቃሚዎቹ ሊከፍት ይገደዳል፣ ከዚያ እርስዎም ሊያገኙት ይችላሉ። በተዘጋ ምርት ውስጥ ሊያስገባው የሚፈልግ ኩባንያ ቢመጣ የንግድ ፈቃድ ይሽጡለት። ለዚህ ግን የኮዱ መብት በሙሉ በእጅዎ መሆን አለበት። ሊኑክስ ዛሬም በጂፒኤል 2 የቀረበት አንዱ ምክንያት ባለመብቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ መሆናቸው ነው። እንግዲህ ኮድ የሚያበረክትልዎ ሰው ሲመጣ የንግድ ፈቃድ እንደሚሸጡ አስቀድመው በግልጽ ይንገሩትና ስምምነቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ደብቀው ካደረጉት ሲያውቅ ይሄዳል፤ ልክም ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ፣ ለምሳሌ የባንክ ፋይሎችን የሚያነብ፣ ራሱን ችሎ የሚቆም ትንሽ ክፍል ካለ በኤምአይቲ ይልቀቁት፤ ሌሎች ፕሮግራመሮች ይጠቀሙበታል፣ ስህተቱንም ያርሙልዎታል፣ ገቢዎንም አይነካም።

የፈቃዱን ሙሉ ጽሑፍ የያዘ ፋይል በዋናው ማኅደር ያስቀምጡ፤ ራስዎ አሳጥረው ወይም አሻሽለው አይጻፉት። ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ የዛሬውን ኮድ ብቻ ሳይሆን በኮዱ ላይ የተደረገውን እያንዳንዱን ለውጥ የሚይዘውን የሁለት ዓመቱን የለውጥ መዝገብ ከመጀመሪያው ጀምረው ይፈትሹ። የዳታቤዝ የይለፍ ቃል፣ ለሙከራ ያስገቡት የእውነተኛ ደንበኛ ሂሳብ፣ የሰው ስልክ ቁጥር እዚያ ውስጥ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ከዛሬው ፋይል ቢሰርዙትም ከመዝገቡ አይጠፋም። የይለፍ ቃሎቹን በሙሉ ይለውጡ፤ መዝገቡን ማጽዳት ካልቻሉ አሮጌውን ለራስዎ አስቀርተው ኮዱን በአዲስ መዝገብ ይክፈቱት።